የተከረከመችው ካርድ፦ ማስትሮ ኦክሽንስን ሁሉም ለምን አመነው?

ካርዷ ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ትረዝማለች። ወርዷ 3.7 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቷ 6.7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ብርቱካናማ መደብ ላይ ፀጉሩን መሃል ለመሃል የከፈለ ሰው ይታያል። ሰውየው ሆነስ ዋግነር ነው፤ የፒትስበርግ ፓይሬትስ የቤዝቦል ተጫዋች። ከ1909 እስከ 1911 አሜሪካን ቶባኮ ኩባንያ በየሲጋራ ፓኬቱ ይከታቸው ከነበሩት ካርዶች አንዷ ናት። ሰብሳቢዎች ቲ206 ይሏቸዋል። የዋግነር ኅትመት ቶሎ ስለቆመ፣ ዛሬ በዓለም ላይ እንዳሉ የሚታወቁት ከ50 እስከ 60 ቢሆኑ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1985 ቢል ማስትሮ የሚባል ሰብሳቢ ኒውዮርክ፣ ሎንግ አይላንድ ውስጥ ከእነዚህ አንዷን በ25,000 ዶላር ገዛ። ለአንዲት ቁራጭ ወረቀት ይህ ያኔ የሚያስደነግጥ ዋጋ ነበር። ካርዷ ግን ከሌሎቹ ትለያለች። ሌሎቹ ዋግነሮች በብዙ እጅ ዞረው ጥጋቸው ዶልዱሟል፤ ታጥፈዋል፤ ቆሽሸዋል። ይቺ ጥርት ያለች ናት። ጥጓ ሹል ነው፣ ጠርዟም ቀጥ ያለ።

ጠርዟ ለምን እንዲህ ቀጥ እንዳለ በይፋ የታወቀው ከ28 ዓመት በኋላ፣ ቺካጎ ፌዴራል ፍርድ ቤት ውስጥ ነው። ማስትሮ ራሱ ተናገረ። የካርዷን የጎን ጠርዞች ቆርጦ አስተካክሏቸዋል፤ ለገዢዎቹም አልነገራቸውም።

በእነዚህ ዓመታት መሃል ሰውየው በአሜሪካ ትልቁን የስፖርት መታሰቢያ ዕቃዎች አጫራች ድርጅት፣ ማስትሮ ኦክሽንስን፣ አቋቁሞ ነበር። ይህን ጉዳይ የመረጥኩትም ለዚህ ነው። አጭበርባሪ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ የተጫዋች ፊርማ የሚያስመስል ሰው ነው። እዚህ ግን የምናወራው የሙያው ቁንጮ ስለነበረ ቤት ነው። ጀማሪው ምክር ሲጠይቅ «ወደ እነሱ ሂድ» የሚባልበት ዓይነት ቤት።

ካርዷ እንዴት እንደተጓዘች ልንገራችሁ። ማስትሮ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1987፣ ለጂም ኮፕላንድ በ110,000 ዶላር ሸጣት። ኮፕላንድ በካሊፎርኒያ የስፖርት ዕቃ መደብሮች ባለቤት ነበር። በ1991 ስብስቡን ሶዝቢስ ለሚባለው ታላቅ አጫራች ድርጅት ሰጠ። ካርዷን የሆኪው ኮከብ ዌይን ግሬትዝኪ ከቡድኑ ባለቤት ከብሩስ ማክናል ጋር ሆኖ በ451,000 ዶላር ገዛት። በዚያ ጨረታ ላይ የሶዝቢስ አማካሪ ሆኖ የሠራው ደግሞ ቢል ማስትሮ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ካርዷን የቆረጠው ሰው ሻጭ ነበር። አሁን ደግሞ በሌላ ቤት ጨረታ ላይ የባለሙያ ቃሉን የሚሰጠው እሱ ነው። ይህ አልተደበቀም። ማስትሮ ካርዷን ቀድሞ እንደሸጠ በሙያው ያሉት ያውቃሉ።  «ካርዷን ከማንም በላይ የሚያውቃት እሱ ነው» ቢባል አይገርምም። እውነትም ከማንም በላይ ያውቃት ነበር።

ከዚያ ፒኤስኤ የሚባለው፣ ለካርዶች ደረጃ የሚሰጠው ድርጅት መጣ። የተቋቋመው በዚያው በ1991 ነው። ካርዱን መርምሮ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጠዋል፣ በፕላስቲክ ማቀፊያ ያሽገዋል፣ ቁጥርም ይለጥፍበታል። የግሬትዝኪ ዋግነር የመጀመሪያዋ ሆነች፤ ቁጥሯ 00000001፣ ደረጃዋ 8። ለሰማንያ ዓመት ወረቀት 8 ማለት ተአምር ነው። በድርጅቱ በራሱ ደንብ ግን ጠርዙ የተከረከመ ካርድ የቁጥር ደረጃ አያገኝም። ካርዷን ካዩት ባለሙያዎች አንዱ፣ ያኔውኑ መከርከሟን ያውቅ እንደነበር ከዓመታት በኋላ አመነ።

ማኅተሙ ሥራውን ሠራ። በ1995 ዋልማርት የሚባለው የመደብሮች ድርጅት እና አንድ የካርድ አከፋፋይ ለሎተሪ ሽልማት በግማሽ ሚሊዮን ዶላር ገዟት። በ1996 ክሪስቲስ በሚባለው አጫራች ድርጅት 641,500 ዶላር አወጣች። በ2000 ከ1.26 ሚሊዮን ዶላር በላይ። በ2007 ሁለት ጊዜ ተሸጠች፤ መጀመሪያ በ2.35 ሚሊዮን፣ ቀጥሎ በ2.8 ሚሊዮን። የመጨረሻው ገዢ የአሪዞና ዳይመንድባክስ የቤዝቦል ቡድን ባለቤት ኬን ኬንድሪክ ነው። እያንዳንዱ ገዢ የተማመነው ከሱ በፊት በገዛው ሰው ነው። «ግሬትዝኪ ይዟት ነበር» የሚለው ወሬ የካርዷን ጠርዝ በማጉያ መነጽር ከማየት በላይ ሚዛን ደፋ።

ካርዷ ዝነኛ ስለሆነች ብዙ ሰው የሚያስታውሰው እሷን ነው። ለእኔ ግን ከዚያ የከፋው ሌላው ነው። የሚሊዮን ዶላር ካርድ የሚገዛ ሰው ጥቂት ነው። የማስትሮ ድርጅት ዋና ወንጀል የተፈጸመው በተራ ሰብሳቢዎች ላይ፣ በጨረታዎቹ ውስጥ ነበር።

ማስትሮ ባመነው መሠረት፣ ድርጅቱ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2009 ድረስ በራሱ ጨረታ ላይ የውሸት ዋጋ ያስገባ ነበር። በሌላ ሰው ስም ወይም በሐሰት በተከፈተ አካውንት ይጫረታሉ። ዕቃውን ሊገዙ አይደለም፤ የናንተን ዋጋ ከፍ ሊያደርጉት ነው።

አሠራሩን በቁጥር እንየው፤ ምሳሌው የእኔ ነው። አንድ የቆየ ማሊያ ለጨረታ ቀረበ እንበል። ጨረታው በስልክና በኢንተርኔት ለሳምንታት ስለሚቆይ ሌት ተቀን አትጠብቁትም። «እስከ 10,000 ዶላር እሄዳለሁ» ብላችሁ ጣሪያችሁን ለድርጅቱ ትሰጣላችሁ። ሲስተሙ በናንተ ስም ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ይጫረታል። ሌላው እውነተኛ ተጫራች 6,000 ላይ ቆመ። በቅን ጨረታ በ6,500 ትወስዳላችሁ። የገዢ ኮሚሽን 20 በመቶ ሲደመር 7,800 ዶላር ማለት ነው።

ድርጅቱ ግን ጣሪያችሁን ያውቀዋል። በውሸት ስም 7,500 ይገባል፤ እናንተ 8,000። 8,500፤ እናንተ 9,000። እንዲህ እያለ 9,500 ሲገባ የናንተ 10,000 ይሆንና ጨረታው ይዘጋል። አሸነፋችሁ! ሂሳቡ ከነኮሚሽኑ 12,000 ዶላር ነው። 4,200 ዶላር ተወሰደባችሁ፤ እናንተ ግን ደስ ብሏችኋል። ከጣሪያችሁ ስላላለፈ ምንም አልጠረጠራችሁም። «ለካ ሌላም አጥብቆ የፈለገው ሰው ነበር» ብላችሁ እንዲያውም በምርጫችሁ ኮርታችኋል።

ይህን ጉዳይ ባነበብኩ ቁጥር የሚከነክነኝ ይህ ነው። ዕቃው እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ሰርተፊኬቱም እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ዋጋው ግን ፎርጅድ ነው። ፎርጅድ ዋጋ ደግሞ በዚያች ምሽት አያበቃም። ውጤቱ ይታተማል፤ በሚቀጥለው ዓመት ተመሳሳይ ማሊያ የሚገዛ ሰው ያንን አይቶ ይነሳል። ሌላ አጫራች ድርጅትም ያንኑ ይጠቅሳል። አንዱ ቤት የገበያውን ሚዛን ያበላሽና ሁሉም በተበላሸው ሚዛን ይመዝናል።

ሦስተኛው ነገር ጥርጣሬ ሲመጣ ምን ያደርጉ እንደነበር ነው። ክሱ ውስጥ ከተጠቀሱት ዕቃዎች አንዱ የ1869 የሲንሲናቲ ሬድ ስቶኪንግስ የዋንጫ ኳስ ነው የተባለ ኳስ ነበር። ይህ ቡድን በግልጽ ለተጫዋቾቹ ደሞዝ የከፈለ የመጀመሪያው የቤዝቦል ቡድን ስለሆነ የዚያ ዓመት ኳስ ለሰብሳቢ ትልቅ ነገር ነው። ሌላው ደግሞ የኤልቪስ ፕሬስሊ ፀጉር ነው የተባለ ፀጉር። ዐቃቤ ሕግ እንዳለው የእነዚህ ዕቃዎች እውነተኛነት አጠራጣሪ መሆኑን ድርጅቱ ያውቅ ነበር፤ ገዢው ግን አልተነገረውም።

በበኩሌ አንድን ቤት ከማምንባቸው ነገሮች ዋነኛው ይሄ ነው። ስህተት የማይሠራ አጫራች የለም። በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር አሮጌ ዕቃ የሚያልፍበት ቤት አንዳንዴ መታለሉ አይቀርም። ጥያቄው ከታለለ በኋላ ነው። ዕቃውን ከጨረታ አወጣው? ለገዢው ደውሎ ገንዘቡን መለሰ? ወይስ ዝም አለ? ከጨረታው ላይ «ይህ ዕቃ ወጥቷል» የሚል ማስታወቂያ ሲያይ ብዙ ሰው ይጠራጠራል። እኔ ደግሞ ልቤ ያርፋል። ለዓመታት አንድም ዕቃ አውጥቶ የማያውቅ ቤት ነው የሚያስፈራኝ።

አወዳደቁን ባጭሩ ልለፈው። ኤፍቢአይ ምርመራ ጀመረ። ማስትሮ ኦክሽንስ በ2009 ተዘጋ። ክሱ በ2012 ተመሠረተ። ማስትሮ በ2013 ጥፋቱን አመነ። በ2015 የ20 ወር እስራትና 250,000 ዶላር ቅጣት ተፈረደበት። የድርጅቱ ፕሬዚዳንት የነበረው ዳግ አለን 57 ወር ተፈረደበት።

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። ማስትሮ ኦክሽንስ ሲዘጋ ዳግ አለን ሌጀንደሪ ኦክሽንስ የሚል አዲስ ቤት ከፈተ፤ ጨረታውም ቀጠለ። ስሙ አዲስ፣ ሰዎቹ የድሮዎቹ። ለአዲስ ገዢ ግን «ምንም ክስ የሌለበት ድርጅት» ነበር። ስለዚህ የአንድን ቤት ታሪክ ስትፈልጉ የድርጅቱን ስም ብቻ ፈልጋችሁ አታቁሙ። ማን ያስተዳድረዋል? ከዚህ በፊት የት ነበር? የዚያ ቤት መጨረሻ ምን ሆነ?

እንግዲህ ትልቁ ጥያቄ፣ ከውጭ ያለ ሰው ይህን ማወቅ ይችል ነበር ወይ? በከፊል አይችልም። የውሸት አካውንቱን ማየት የሚችለው ሰርቨሩን የያዘ ሰው ብቻ ነው። ሰው ተታለለ ብዬ የምወቅሰው የለኝም። ነገር ግን ሰዎች ያመኑበትን ምክንያት አንድ በአንድ ሳየው፣ አብዛኛው ስለ ታማኝነት ምንም የማይናገር ነገር ነው። ካታሎጉ ወፍራምና የሚያምር ነው። ሽያጩ ትልቅ ነው። ሪከርድ ሰብሯል። ዕቃው ማኅተም አለው። ዝነኛ ሰዎች ይገዙበታል። እነዚህ ሁሉ ቤቱ ሀብታም መሆኑን ያሳያሉ። ሪከርድ ዋጋ ደግሞ እንዳየነው በቤቱ በራሱ እጅ ሊሠራ ይችላል።

ማኅተሙም ቢሆን ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ አለበት። ደረጃ ሰጪው ድርጅት የሚከፈለው ካርድ ከሚልኩለት ሰዎች ነው። ትልቅ አጫራች ደግሞ በብዛት የሚልክ ደንበኛ ነው። ይህ ማለት ደረጃው ሁሉ ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ አብዛኛው በሐቅ የተሠራ ነው። እከክልኝ ልከክልህ የሚያስብል ቀዳዳ ግን አለው። ከዚህ ጋር የሜጀር ሊግ ቤዝቦልን አሠራር አስተያዩት። ከ2001 ጀምሮ ሊጉ ጨዋታ ላይ ታዛቢ ያስቀምጣል፤ ብዙዎቹ በሥራ ላይ ያሉ ወይም የቀድሞ ፖሊሶች ናቸው። ኳሱ ከሜዳ ሲወጣ በዓይኑ አይቶ ቁጥር ያለው ሆሎግራም ይለጥፍበታል። ያ ሰው ኳሱን አይሸጥም፤ ኳሱ ቢወደድም ቢረክስም ለእሱ ያው ነው። ዋጋ ያለው ምስክርነት እንዲህ ዓይነቱ ነው። ለድሮ ዕቃ እንዲህ ያለ ታዛቢ የለም፤ የማሊያውን ስፌትና እድፍ ከጨዋታው ቀን ፎቶ ጋር ማመሳከር ግን ይቻላል። እሱም ቢሆን ከሻጩ ገለልተኛ በሆነ ሰው ሲሠራ ነው።

ከውጭ ሊታይ የሚችለው ዋናው ነገር ያለው ማንም በማያነበው ቦታ፣ በጨረታው ደንብ ውስጥ ነው። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የሚሠራበት የንግድ ሕግ፣ ዩኒፎርም ኮሜርሻል ኮድ፣ አንቀጽ 2-328 ላይ ስለዚህ ጉዳይ በቀጥታ ይናገራል። ባለዕቃው እንደሚጫረት አስቀድሞ ካልተገለጸ፣ እሱም ራሱ ከተጫረተ ወይም ሌላ ሰው ካስጫረተ፣ ወይም አጫራቹ በሱ ስም የገባ ዋጋ እያወቀ ከተቀበለ፣ ገዢው ሁለት ምርጫ አለው። ሽያጩን ማፍረስ ይችላል። ወይም ዕቃውን በመጨረሻው የቅን ልቦና ዋጋ መውሰድ ይችላል። በላይኛው ምሳሌ፣ ማሊያውን በ6,500 አካባቢ ማለት ነው።

«አስቀድሞ ካልተገለጸ» የምትለውን ደጋግማችሁ አንብቧት። ሕጉ የሚቀጣው ድብቁን ነው። ድርጅቱ «እኛም፣ ሠራተኞቻችንም ልንጫረት እንችላለን» ብሎ በደንቡ ላይ በጥቃቅን ፊደል ከጻፈ፣ ይህ አንቀጽ አያድናችሁም። እንዲህ የሚጽፉ ቤቶች አሉ። በእኔ እምነት መጻፋቸው ካለመጻፋቸው ይሻላል፤ ቢያንስ ምን ውስጥ እንደምትገቡ ታውቃላችሁ። ስለ ነገሩ ጭራሽ ዝም የሚለው ደንብ ግን ደብዳቤ ያስፈልገዋል።

ትልቅ ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ ከመጫረታችሁ በፊት ይህን በኢሜይል ላኩ። በስልክ አይሁን፤ መልሱ ተጽፎ እጃችሁ ላይ መቅረት አለበት፦

«የዚህ ዕቃ ባለቤት ድርጅታችሁ፣ ወይም ከሠራተኞቻችሁ አንዱ ነው? በዕቃው ላይ ያበደራችሁት ገንዘብ አለ? ባለዕቃው ወይም ከእናንተ መሃል ማንም ሰው በዚህ ጨረታ ላይ ዋጋ ማስገባት ይፈቀድለታል? የማስገባውን የጣሪያ ዋጋ ጨረታው ከመዘጋቱ በፊት ማን ማየት ይችላል? ዕቃው ላይ የተደረገ ምርመራ ካለ፣ ያልተስማሙበት ባለሙያዎች አስተያየት ጭምር ልታሳዩኝ ትችላላችሁ? ከሁለት ዓመት በኋላ እውነተኛ እንዳልሆነ ቢረጋገጥ ገንዘቤን የሚመልሰው ድርጅታችሁ ነው ወይስ ሌላ አካል?»

ከነዚህ ሁሉ እኔ የማተኩረው በጣሪያው ዋጋ ላይ ነው። ጥሩ ቤት «ሲስተሙ ይቆልፈዋል፤ ማን እንዳየውም ይመዘገባል» ብሎ ያስረዳችኋል። «አይዞህ፣ እኛን እመነን» የሚል መልስ ከመጣ ግን መልስ አልመጣም። ያኔ ጣሪያችሁን አትስጡ። ጨረታው በሚዘጋበት ሰዓት ራሳችሁ ተቀምጣችሁ ደረጃ በደረጃ ተጫረቱ። ሌሊቱ ይረዝማል፤ ግን የኪሳችሁን ልክ ለማንም አልነገራችሁም።

ዕቃ ለመሸጥ ለምትሰጡ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ገንዘባችሁ በስንት ቀን ይከፈላል? እስከዚያ የሚቀመጠው ከድርጅቱ ገንዘብ በተለየ ሂሳብ ነው? ከዚህ በፊት የሸጡ ሦስት አራት ሰዎች አፈላልጋችሁ ይህንኑ ብቻ ጠይቋቸው። ቤት ሲናጋ መጀመሪያ የሚዘገየው የሻጮች ክፍያ ነው።

ወደ ዋግነር ካርድ ልመለስ። በ2021 ሌላ ቲ206 ዋግነር በ6.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። በ2022 ሌላዋ 7.25 ሚሊዮን አወጣች። የመጀመሪያዋ ደረጃ 3 ነበር፤ የሁለተኛዋ 2። ሁለቱም ከመቶ ዓመት በላይ በሰው እጅ የዞሩ፣ ጥጋቸው የዶለዶመ ካርዶች ናቸው።